ካታሊቲክ ኮንቨርተር፦ እንዴት ይሠራል፣ ምን ይገድለዋል?

ዳሽቦርዱ ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል። መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ኮምፒውተር ሲሰካላት «ፒ 0420» የሚል ኮድ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ምክር ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ «ካታሊስቱ ሞቷል፣ በአዲስ ቀይረው» ወይም «ውስጡን እናውጣውና መኪናዋ ትተንፍስ»። ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ዘለውት ያልፋሉ። ካታሊስቱን ምን ገደለው?

ካታሊስት ተብሎ የሚጠራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሞተሩን ጭስ የሚያጸዳ ዕቃ ነው። የሚሽከረከርም ሆነ የሚፋተግ አካል የለውም። ዘይት አይቀየርለትም፣ በየጊዜው የሚደረግለት ሰርቪስም የለም። ከጤነኛ ሞተር ኋላ ከተገጠመ ከመኪናዋ ጋር አብሮ ሊያረጅ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ አምራቾችን ለዚህ ዕቃ የ8 ዓመት ወይም የ80,000 ማይል ዋስትና እንዲሰጡ ያስገድዳል። ያለ ዕድሜው ከሞተ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ የላከበት ነገር አለ። ያንን ሳያገኙ አዲስ መግጠም አዲሱንም ለዚያው ሞት አሳልፎ መስጠት ነው።

ከሞተሩ የሚወጣው

ቤንዚን አንዳች ሳይቀር ቢቃጠል ኖሮ በጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የውሃ እንፋሎትና ከአየር ጋር ገብቶ ሳይነካ የሚወጣ ናይትሮጅን በሆነ ነበር። ነገር ግን ጊዜ የለም። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ፒስተኑን የሚገፋው አንድ ምት የሚቆየው የሰከንድ አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ሁሉም ነገር አይቃጠልም።

ስለዚህ ሦስት መጥፎ ጋዞች ይወጣሉ። አንደኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በክረምት ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ። ሁለተኛው ሳይቃጠል ያመለጠ ቤንዚን ነው፣ በኬሚስቶች አጠራር ሃይድሮካርቦን። ሦስተኛው አፈጣጠሩ ለየት ይላል። የሲሊንደሩ ሙቀት በጣም ሲያይል በአየር ውስጥ ያሉት ናይትሮጅንና ኦክሲጅን ይጣመሩና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይሆናሉ። ይህ ጋዝ ሳንባን ያስቆጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ካልተቃጠለው ቤንዚን ጋር ሆኖ ከተማ ላይ የሚያንዣብበውን ጎጂ ጭጋግ ይሠራል።

ቆርቆሮው ውስጥ ያለው

ከመኪናዋ ሆድ ሥር፣ ከማርሚታው ፊት፣ በማይዝግ ብረት የተሸፈነ እብጠት ይታያል። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ቶሎ እንዲሞቅ ተብሎ ከሞተሩ ጎን ተጣብቆ ይገጠማል። ቢሰነጠቅ ውስጡ የማር እንጀራ የመሰለ ሴራሚክ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉት፤ በተለመደው ዓይነት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ60 በላይ ይቆጠራሉ። የሚለያዩአቸው ግድግዳዎች ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሴራሚኩ ኮርዲራይት ይባላል፤ የተመረጠውም ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ መጠኑ ብዙም ስለማይለዋወጥ ነው። ሴራሚኩና ብረቱ እንዳይጋጩ በመካከላቸው እሳት የሚችል ምንጣፍ ይደረጋል።

ሴራሚኩ ግን ተሸካሚ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ አሉሚና የሚባል ሸካራና ባለ ብዙ ቀዳዳ ሽፋን ይቀባል። የአንድ ግራም አሉሚና የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ ከ100 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ነው ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉት ውድ ማዕድናት በዓይን በማይታይ ቅንጣት የሚበተኑት። ሁሉም ተደምረው ጥቂት ግራም ቢሆኑ ነው። ሥራው የሚሠራው ጋዙ በሚነካው ገጽ ላይ ስለሆነ ቅንጣቶቹ እጅግ ማነሳቸውና ተራርቀው መበተናቸው ወሳኝ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ አሟሟቱ ስናወራ እንመለስበታለን።

ፕላቲነምና ፓላዲየም ካርቦን ሞኖክሳይዱንና ያልተቃጠለውን ቤንዚን ከኦክሲጅን ጋር አገናኝተው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ያደርጓቸዋል። ሮዲየም በተቃራኒው ናይትሮጅን ኦክሳይዱን ይፈታዋል፤ ናይትሮጅኑ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ ኦክሲጅኑም ለሌላው ሥራ ይተርፋል። ማዕድናቱ ጋዞቹን ያገናኛሉ እንጂ ራሳቸው አይቃጠሉም፣ አያልቁም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቅራኔ አለ። የመጀመሪያው ሥራ ትርፍ ኦክሲጅን ይፈልጋል። ሁለተኛው ደግሞ ትርፍ ኦክሲጅን ካለ አይሳካም። ሁለቱ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተስማምተው የሚሠሩት ወደ ሞተሩ የሚገባው አየርና ቤንዚን በጠባብ ልክ ሲመጣጠን ብቻ ነው፤ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ገደማ። ከዚህ ልክ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ከሦስቱ ጋዞች አንዱ ሳይጸዳ ያልፋል።

ልኩን የሚጠብቀው ከካታሊስቱ ፊት ያለው ኦክሲጅን ሴንሰር ነው። የተለመደው ዓይነት ሴንሰር ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት ያሳያል። ኮምፒውተሩ ይህን እያነበበ በኢንጀክተር የሚገባውን ነዳጅ ያለማቋረጥ ጨመር ቀነስ ያደርጋል። መወዛወዙ ካታሊስቱን እንዳያውከው አሉሚናው ውስጥ ሴሪያ የሚባል ንጥረ ነገር ይጨመራል። ሴሪያ አየር ሲበዛ ኦክሲጅን ወስዶ ያስቀምጣል፣ ቤንዚን ሲበዛ መልሶ ይሰጣል። ከካታሊስቱ በኋላ የተገጠመ ሁለተኛ ሴንሰር አለ፤ ኮምፒውተሩ ይህንን የማስቀመጥ አቅም የሚገምተው በእሱ ነው።

ቤንዚኑ መቀየር ነበረበት

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ አሜሪካ ሆኖ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለመኪና ጭስ የሚሆን ካታሊስት ሠርቶ ነበር። ሳይስፋፋ የቀረው በቤንዚኑ ምክንያት ነው። በዚያን ጊዜ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር፤ እርሳስ ደግሞ የማዕድናቱን ገጽ ሸፍኖ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከሥራ ውጭ ያደርጋቸዋል።

አሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. ጠንካራ የአየር ብክለት ሕግ ካወጣች በኋላ ካታሊስት የ1975 ሞዴል መኪኖች ላይ በብዛት መግጠም ተጀመረ። እርሳስ የሌለው ቤንዚንም አብሮ ለገበያ ቀረበ። ሦስቱንም ጋዞች የሚያጸዳው ዓይነት ከኦክሲጅን ሴንሰር ጋር ተጣምሮ በቮልቮ መኪኖች ላይ የመጣው ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ከእርሳስ ቤንዚን የተላቀቁት እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መግቢያ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ለመኪና መሸጡ ፈጽሞ ያበቃው አልጄሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. ስታቆም ነው። ካታሊስት የለመድነው ዕቃ ስለሆነ ይህ ይረሳናል እንጂ፣ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳውን እርሳስ ከመንገዶቻችን አየር ለማስወጣት ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው።

(ናፍጣ ሞተር ሁልጊዜ በትርፍ አየር ስለሚሠራ ይህ ዓይነቱ ካታሊስት አይሆነውም። የራሱ ሌላ ሥርዓት አለው፤ እዚህ አልገባበትም።)

ሙቀት ሲበዛ

ካታሊስት ሲቀዘቅዝ አይሠራም። ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይነቃል፣ በመደበኛ ጉዞ ከ400 እስከ 800 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይሠራል። ጠዋት ሞተር ከተነሣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ የሚበክሉትም ለዚህ ነው።

ጥፋቱ የሚመጣው ከላይኛው ጫፍ ነው። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ወይም ኮይል ተበላሽቶ ሲሊንደሩ «ሚስ» ሲያደርግ፣ ማለትም ሳያቃጥል ሲቀር፣ ያ ሲሊንደር የሳበው አየርና ቤንዚን እንዳለ ወደ ጭስ ማውጫው ይገፋል። ካታሊስቱ ደግሞ ሥራው ማቃጠል ነውና ያቃጥለዋል። ሞተር ውስጥ ሊቃጠል የሚገባው ነዳጅ ካታሊስቱ ውስጥ ሲቃጠል ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ሙቀት ያ ሸካራ አሉሚና ይደፈናል፣ ተበታትነው የነበሩት የማዕድን ቅንጣቶችም እየተሳሳቡ ትልልቅ ጉብታ ይሆናሉ። ማዕድኑ አልጠፋም፣ ሲመዘን ያው ነው፤ ጋዙ የሚነካው ገጽ ግን አብዛኛው ጠፍቷል። ሙቀቱ 1,450 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ ሴራሚኩ ራሱ ቀልጦ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

የቼክ ኢንጂን መብራት ዝም ብሎ ከመብራት ይልቅ ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩ የሚናገረው በትክክል ይህንን ነው፦ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ካታሊስቱን የሚያቃጥል ነዳጅ እየወጣ ነው። ቤት እስክደርስ ተብሎ የሚነዳበት መብራት አይደለም። እግርን ከነዳጅ ላይ አንሥቶ፣ ጥግ ይዞ ሞተር ማጥፋት ይሻላል። የአንድ ኮይል ዋጋና የአንድ ካታሊስት ዋጋ አይገናኙም።

እኛ ዘንድ የተለመዱ ሁለት ነገሮችም ይህንኑ ጉዳት ያደርሳሉ። አንዱ ባትሪ የደከመበትን መኪና ደጋግሞ ገፍቶ ማስነሣት ነው። ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ሳይቃጠል የሚያልፈው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ይጠራቀማል። የቤንዚን መኪና መመሪያዎች ብዙዎቹ በግልጽ የሚከለክሉት ስለዚህ ነው፤ ከሌላ ባትሪ በገመድ ማስነሣት ይሻላል። ሁለተኛው የጋራዥ ልማድ ነው። ሚስ የሚያደርገውን ሲሊንደር ለማግኘት ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ ወይም ኮይል አንድ በአንድ ይነቀላል። ዘዴው በካርቡሬተር ዘመን ጉዳት አልነበረውም። ካታሊስት ባለው መኪና ግን የተነቀለው ሲሊንደር ቤንዚኑን መርጨቱን አያቆምም። የኢንጀክተሩን ሶኬት መንቀል ያንኑ መልስ ይሰጣል፣ ነዳጁም ይቆማል። መካኒካችሁ ይህን የማያውቅ ከሆነ በአክብሮት ንገሩት።

ኢንጀክተር ሲያፈስ፣ የፊት ሴንሰር ሲሰንፍ፣ የሞተር ሙቀት መለኪያው ሲበላሽና ኮምፒውተሩ ሞተሩን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሲመስለውም ቤንዚን ይበዛል። ውጤቱ ቀስ ያለ ነው እንጂ መንገዱ ያው ነው። አዲስ አበባ ባሕር ወለል ላይ ካለ ከተማ አየሯ በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ያልተስተካከለ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል። ኢንጀክተር ያላቸው መኪኖች የአየሩን መጠን እየለኩ ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን ሴንሰሮቹ ጤነኛ ከሆኑ ብቻ ነው።

መርዝ

ከሙቀት ቀጥሎ ብዙ ካታሊስት የሚገድለው የሞተር ዘይት ነው። ዘይት ውስጥ ብረት እንዳይበላ ተብሎ የሚጨመር ዚንክና ፎስፎረስ አለ። የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ሲያልቅ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ዘይቱ ይነዳል፤ ፎስፎረሱና ዚንኩ ግን አይነዱም፣ ተጉዘው ካታሊስቱ ላይ ይጋገራሉ። በሁለት ዘይት ቅየራ መካከል ዘይት የምትጨምሩ ከሆነ፣ የጨመራችሁት ዘይት መሬት ላይ ካልፈሰሰ በካታሊስቱ በኩል ነው ያለፈው። ጭሱ ሰማያዊ ሆኖ እስኪታይ መጠበቅ ትክክል አይደለም፤ ጤነኛ ካታሊስት የዘይቱን ጭስ ለተወሰነ ጊዜ ስለሚያቃጥለው በሽታውን ይደብቃል።

የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ሲቃጠልም የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ፀረ ዝገት ፈሳሹ ውስጥ ያሉት ሲሊከንና ፎስፎረስ ሽፋን ይሠራሉ። የራዲያተር ውሃ ያለ ምክንያት እየጎደለ ካታሊስት መቀየር ከንቱ ነው። ሲሊከን ከሌላም ይመጣል፤ ለሴንሰር ተስማሚ ያልሆነ የሲሊኮን ማጣበቂያ ጋስኬት ላይ ሲቀባ እንፋሎቱ ሴንሰሮቹን ይጎዳል። ነዳጅ ውስጥ ያለ ድኝ ግን ከእነዚህ ይለያል። ሥራውን ያዳክማል እንጂ ብዙውን ጊዜ በደንብ ሞቆ ሲነዳ ይለቃል።

ምቱም አለ። ከፍ ያለ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ድንጋያማ መንገድ፣ በቦታው ያልተደገፈ ክሪክ፣ ወይም የጋለ ካታሊስት ይዞ ጎርፍ ውስጥ መግባት ሴራሚኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። መኪናዋ ቀዝቅዛ በጎማ መዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ ተሰብሯል።

ኮዱን ማመን ወይስ አለማመን

«ፒ 0420» ካታሊስቱ ሞቷል አይልም። የሚለው ኦክሲጅን የማስቀመጥ አቅሙ ከተወሰነው ልክ በታች ሆኖ ታየኝ ነው። ካታሊስቱ ጤነኛ ከሆነ የኋላው ሴንሰር 0.6 ወይም 0.7 ቮልት አካባቢ ረግቶ ይቀመጣል። ከሞተ የኋላው የፊቱን ተከትሎ መወዛወዝ ይጀምራል። ስካነሩ (ኮዱን የሚያነበው መሣሪያ) ላይ ይህን መስመር ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያንን ሳያሳያችሁ ኮዱን ብቻ አንብቦ ዕቃ የሚያዝ ሰው ጋ አትቸኩሉ። ከሴንሰሩ አጠገብ የጭስ ቧንቧው ቀዳዳ ካለውና አየር ከሳበ ያው ኮድ ሊወጣ ይችላል። የቀዳዳ ብየዳ ደግሞ ርካሽ ነው።

መታፈን ሌላ በሽታ ነው፤ ኮድ ሳያወጣም ይመጣል። መኪናዋ በዝግታ ደህና ትሠራለች፣ ዳገት ላይ ግን ነዳጅ ሲረገጥ ትታነቃለች፣ ፍጥነት አልጨምር ትላለች። እርግጠኛ መሆን ቀላል ነው። የፊቱ ሴንሰር ተፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ይገጠማል። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ከ0.1 ባር በታች፣ በ2,500 ዙር ደግሞ ከ0.2 ባር በታች መሆን አለበት። ከዚያ በጣም ከበለጠ መንገዱ ተዘግቷል። በነዳጅ ውስጥ የሚጨመሩ «ካታሊስት ማጽጃ» ፈሳሾች ጥቀርሻ ሊያነሡ ይችሉ ይሆናል፤ የቀለጠ ሴራሚክና በፎስፎረስ የተጋገረ ገጽ ግን አይመልሱም።

ውስጡን ማውጣት

ውስጡ ሲወጣ መኪናዋ ጉልበት አገኘች የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው። ታፍና ነበር፣ ተከፈተላት። ክፍት የሆነ ጤነኛ ካታሊስት ግን የሚወስደው ጉልበት ነጂው የማይሰማው ያህል ትንሽ ነው። ያፈናት ምክንያት፣ ዘይቱም ይሁን ሚስ ማድረጉ፣ እዚያው ሞተሩ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። የኋላውን ሴንሰር በማራዘሚያ ብሎን ከጭሱ ወደ ውጭ አርቆ መብራቱን ማጥፋትም ኮምፒውተሩን ማታለል ነው።

የሚወጣው ጭስ ደግሞ የሚቀረው ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ ነው። ታክሲ ተራ የሚጠብቅ፣ አስፋልት ዳር ቡና የምታፈላ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን፣ ሁሉም የሚስቡት ያንን ነው። መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ ያሉት መኪኖች ግን ገና ለብዙ ዓመታት ይነዳሉ። የምንተነፍሰው አየር በእነሱ ጤንነት ላይ ነው። ለሚያወጣው መካኒክም አደጋ አለው፤ የሚፈጨው ሴራሚክና ምንጣፉ የሚለቁት አቧራ ሳንባ ይጎዳል።

አዲስ ሲገዛ፣ አሮጌ መኪና ሲገዛ

ርካሽ ካታሊስት የሚረክሰው ማዕድኑ ስለሚያንስ ነው። ያው ኮድ ከወራት በኋላ የሚመለስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሮዲየም በ2021 እ.ኤ.አ. በአንድ ወቄት ወደ 30,000 ዶላር በተጠጋበት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የካታሊስት ሌባ በዝቶ ነበር፤ ከ2004 እስከ 2009 ሞዴል ያለው ፕሪየስ በተለይ ይፈለግ ነበር። ዋሽንግተን አካባቢ በታክሲና በራይድ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ፕሪየስ ነጂ ናቸው፣ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ እንደ ትራክተር ሲጮህ የደነገጡም አሉ። ከሥር በብሎን የሚታሰር የብረት ሽፋን ሌባውን ጊዜ ያስፈጀዋል።

ያገለገለ መኪና ስትገዙ ከሥር ተመልከቱ። ካታሊስቱ ላይ አዲስ የብየዳ መስመር ካለ ተከፍቶ ተዘግቷል። ሻጩ መብራት የለውም ቢልም ስካነር ይሰካ፤ የካታሊስት ምርመራው «አልተጠናቀቀም» የሚል ከሆነ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበር ማለት ነው። መኪናዋ ከተማም ከከተማ ውጭም ለጥቂት ቀናት ተነድታ ምርመራው እስኪያልቅ ክፍያውን አቆዩት።